የኒውዮርክን ዋጋ በፈረሱላ ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ዓመት የሆነኝ ቡና ቀማሽ ነኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ቡና እየቀመስኩ ተፍቻለሁ። መትፋቱ የሥራው ግማሽ ነው። ቡናውን በማንኪያ በፉጨት ትስበዋለህ፣ ምላስህ ላይ ታንከባልለዋለህ፣ ከዚያ አጠገብህ ወዳለው ዕቃ እንትፍ። በቀን መቶና ሁለት መቶ ኩባያ እያለፈብህ ብትውጠው ኖሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር ባላወቅህ።

ደብዳቤውን የምጽፈው ባለፈው ሰሞን በፊት ገጻችሁ ባወጣችሁት የቡና ገቢ ዘገባ የተነሳ ነው። ዘገባው ውሸት የለበትም። በ2017 በጀት ዓመት ቡና ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። የተላከው መጠንም ጨምሯል፤ አልክድም። ቅር ያለኝ ሌላ ነው። ዘገባውን ከላይ እስከ ታች ላነበበው፣ ዋጋውን የሰቀልነው እኛ እንመስላለን። እኛ ዋጋ አልሰቀልንም። ብራዚል ዝናብ ጠፋ፣ ቬትናምም ደረቀባት፣ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ኒውዮርክ ውስጥ አንዱ ፓውንድ ቡና፣ ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞላው፣ ከ4 ዶላር አለፈ። ብራዚል ሲዘንብ ይወርዳል። ያኔ «የቡና ገቢ አሽቆለቆለ» ብላችሁ ልትጽፉ ነው። ጥፋቱም በላኪው ወይም በገበሬው ሊላከክ ነው።

ጥያቄዬ ትንሽ ናት። የውጭ ምንዛሪ ተመን በምታወጡበት ገጽ ጥግ ላይ የኒውዮርክ ቡና ዋጋ ይውጣልን። በፓውንድ ሳይሆን በእኛው የቡና መለኪያ፣ በፈረሱላ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ትንሽ ይረዝማል፤ ሽማግሌ ነኝና ታገሡኝ።

አባቴ አለታ ወንዶ ቡና ሰብሳቢ ነበር። አንድ ሚዛን፣ ጥቂት ጆንያ፣ አንዲት በቅሎ፤ ሀብቱ ይኸው ነው። ቡና ሲደርስ ሰኞ ሰኞ ስልክ ቤት ይሄዳል። ዲላ ላለው አቅራቢ ደውሎ ዋጋ ይጠይቃል። ሲመለስ ዋጋው በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ በእርሳስ ተጽፎ ኪሱ ውስጥ ነው። ደጃፋችን ላይ ገበሬዎቹ ጀንፈላቸውን፣ ከነልጣጩ የደረቀ ቡናቸውን፣ አውርደው ይጠብቁታል።

«እንዴት ነው ዛሬ?»

«ወርዷል።»

«ማን አወረደው?»

«ኒውዮርክ።»

እኔ ልጅ ሆኜ ኒውዮርክ ሰው ይመስለኝ ነበር። አዲስ አበባ የሚኖር፣ ከረባት የሚያስር፣ ኮስታራ ሰውዬ። አንድ ቀን አባቴን «ይሄ ኒውዮርክ የሚሉት ሰውዬ ምን አድርገነው ነው የሚቆጣን?» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ደግሞ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስሙ «አቶ ኒውዮርክ» ሆኖ ቀረ። እናቴ ጨው ሲወደድ እንኳ «ምነው፣ አቶ ኒውዮርክ ጨውም ጀመረ እንዴ?» ትል ነበር።

በ1967 ሐምሌ ብራዚል ውስጥ ፓራና በምትባለው ግዛት ከባድ ውርጭ ወረደ። ቡናው እንደተቃጠለ ሆኖ ጠቆረ። ያኔ አቶ ኒውዮርክ ደግ ሆነ። በሁለት ዓመት ውስጥ ፓውንዱ ከ3 ዶላር አለፈ። እርግጥ ደግነቱ እኛ ደጅ ሳይደርስ ደርግ በቀረጥ አድርጎ መንገድ ላይ ተቀብሎታል። ያ ሌላ ደብዳቤ ነው።

ቀማሽ ሆኜ ስቀጠር ሰውዬውን በደንብ ተዋወቅሁት። ለካ ኒውዮርክ ገበያ ላይ የሚገዛ የሚሸጥ ውል ነው፤ ወደፊት ለሚረከብ ቡና ዛሬ ዋጋ የሚቆረጥበት። ነጋዴዎቹ «ሲ» ነው የሚሉት። አንዱ ውል 37,500 ፓውንድ አረቢካ ቡና ነው። ቁጥሩን መጀመሪያ ሳየው ምን ዓይነት አጉል ቁጥር ነው አልኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ግን ሳቄ መጣ። የእኛ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። በፓውንድ 37 ተኩል ማለት ነው። ስለዚህ አንዱ የኒውዮርክ ውል 1,000 ፈረሱላ ነው፤ ለጥቂት ኪሎ ካልተጣላን በስተቀር። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በፈረሱላ ሲመዝን ኖሮ ይህን ሳያውቅ አረፈ።

ውሉን የሚገዙትና የሚሸጡት አብዛኞቹ የቡና ዛፍ አይተው አያውቁም። ማየትም አያስፈልጋቸውም። ዋጋው ሲወጣና ሲወርድ መሃል ላይ የምትቀረዋን ለቅመው ይሄዳሉ። ይህን ሁሉም ገበያ ያደርገዋልና አልገረመኝም። የገረመኝ ሌላ ነው። በዚህ ውል ቡና ማስረከብ የሚችሉ አገሮች ዝርዝር አለ። ኬንያ አለች። ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ሩዋንዳ፣ ቡሩንዲ አሉ። ብራዚል ራሷ ዘግይታ ገብታለች። ኢትዮጵያ ግን የለችም። የታጠበ ሲዳማ ጭነህ ኒውዮርክ ሄደህ «በውሉ መሠረት ላስረክብ» ብትል ተቀባይ የለህም። መሸጫ ዋጋ ሲመጣ ግን ነገሩ «ኒውዮርክ ሲደመር ይህን ያህል» ወይም «ኒውዮርክ ሲቀነስ ይህን ያህል» ነው። እኛ የምንከራከረው በመደመሪያዋና በመቀነሻዋ ላይ ነው። ዋናው ቁጥር ላይ አፍ የለንም።

ድሮ እንዲህ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት የሚባል ነበር፤ ሻጭ አገሮችም ገዢ አገሮችም የፈረሙበት። ዋጋ ሲወድቅ እያንዳንዱ አምራች የሚልከው ኮታ ይቀነሳል። ዋጋ ሲሰቀል ኮታው ይላላል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ፓውንዱን ከ1 ዶላር ከ20 እስከ 1 ዶላር ከ40 ሳንቲም መሃል ለማቆየት ነበር ሙከራው። ስምምነቱ ጻድቅ ነበር ልላችሁ አይደለም። ኮታው ለትልልቆቹ ያደላ ነበር። አባል ላልሆኑ አገሮች በጓሮ በር በርካሽ የሚቸበቸብ ቡናም ነበር። አሜሪካ ስምምነቱን የደገፈችውም ለገበሬ አዝና አይደለም። የላቲን አሜሪካ ገበሬ ከተራበ ወደ ኮሚኒስቶቹ ይሄድብኛል ብላ ነው። ፍርሃቱ ሲያልቅ ስምምነቱም አለቀ። ሰኔ 27 ቀን 1981 ዓ.ም. ኮታው ተነሳ። በፈረንጆቹ ሐምሌ 4 ቀን 1989 ማለት ነው፤ የአሜሪካ የነፃነት በዓል ቀን። አጋጣሚ ነው እንበል።

በዚያ ክረምት ቅምሻ ክፍል ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ዋጋ የሚነግረን ልጅ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ጮክ ብሎ ያነብልን ነበር። በኋላ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መውጣት ጀመረ። በወራት ውስጥ ዋጋው ወደ ግማሽ ወረደ።

ከዓመታት በኋላ የዓለም አቀፉ ቡና ድርጅት ኃላፊ የነበሩት ኮሎምቢያዊው ኔስቶር ኦሶሪዮ ሒሳቡን አውጥተው አሳዩን። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የዓለም የቡና ችርቻሮ ወደ 30 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ከዚህ ውስጥ አምራች አገሮች ከ10 እስከ 12 ቢሊዮን ያገኙ ነበር። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ችርቻሮው ከ70 ቢሊዮን አለፈ። የአምራቾቹ ድርሻ ግን 5 ቢሊዮን ተኩል ሆነ። እስቲ ደግማችሁ አንብቡት። ጠጪው የሚከፍለው ከእጥፍ በላይ ሲሆን፣ ገበሬው አገር የሚደርሰው በግማሽ ቀነሰ። በዚያን ጊዜ ኔስሌ፣ ክራፍት፣ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል፣ ሳራ ሊና ቺቦ፣ አምስት ኩባንያዎች ብቻ፣ ከዓለም ጥሬ ቡና ግማሽ ያህሉን ይገዙ ነበር። ወዲህ ማዶ ያለው ሻጭ ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠር ባለ ግማሽ ሄክታር ነው። ይህን ፍትጊያ ማን እንደሚያሸንፍ ለማወቅ ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም።

በ1994 ዓ.ም. መጀመሪያ ፓውንዱ ከ50 ሳንቲም በታች ወረደ። ወንድሜ ከአባታችን ማሳ ግማሹን ቡና ነቅሎ ጫት ተከለ። ሰምቼ ከአዲስ አበባ ወረድኩ። ተጣላሁት። «አባባ በእጁ የተከለውን!» አልኩ። እሱ አልተቆጣም። ጓዳ ገብቶ የልጁን ደብተር ይዞ ወጣ። የኋላው ገጽ ላይ ሒሳብ ሠርቷል። የለቃሚ፣ የጆንያ፣ የአህያ፣ የዕዳ። ከታች የቀረችው ለአንድ ልጅ ዩኒፎርም አትበቃም። ደብተሩን ከፊቴ አስቀምጦ «ጋሼ፣ አንተ ቡናውን ቀምሰህ ትተፋዋለህ። እኔ ወዴት ልትፋው?» አለኝ። እስከ ዛሬ መልስ የለኝም።

በነጋታው ዓመት ደግሞ ድርቅ ገባ። ከ11 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ይጠብቅ ነበር። ታኅሣሥ 1995 ላይ ነው፤ ኔስሌ ከኢትዮጵያ መንግሥት 6 ሚሊዮን ዶላር ይከፈለኝ ማለቱ ተሰማ። ነገሩ ወዲህ ነው። ደርግ በ1967 የወረሰው አንድ የእንስሳት ሀብት ኩባንያ ነበር። አብላጫው ድርሻ የአንድ የጀርመን ድርጅት ነበር። ያንን የጀርመን ድርጅት ኔስሌ እ.ኤ.አ. በ1986 ገዛው። ማለትም ንብረቱ ከተወረሰ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ። መንግሥትም ቢሆን አልከፍልም አላለም። 1 ሚሊዮን ተኩል ልክፈል ብሎ ነበር። ጠቡ በምንዛሪ ላይ ነው። በወረሳው ጊዜ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር፤ በ1995 ከ8 ብር በላይ ሆኗል። ኩባንያው በድሮው ይታሰብልኝ አለ። የዓመት ሽያጩ በአሥር ቢሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ኩባንያ፣ ከዓለም ትልልቅ ቡና ገዢዎች አንዱ፣ ቡናዋ ዋጋ ያጣባትን አገር በምንዛሪ ይከራከራል። የውጭ አገር ሰዎች በአሥር ሺዎች ደብዳቤና ኢሜይል ሲያዘንቡበት፣ ጥር ላይ በ1 ሚሊዮን ተኩሉ ተስማማ። ገንዘቡንም ለረሃቡ እሰጣለሁ አለ፤ ጥሩ አደረገ። ደብዳቤ መጻፍ ዋጋ አለው ብዬ የማምነው ከዚያ ወዲህ ነው። ይኸው እናንተንም የማስቸግራችሁ ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የስም ነገር መጣ። ይህን ትንሽ ዘርዘር ላድርገው፤ ደስ ስለሚለኝ ነው።

በ1997 መጋቢት የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። መሪው አቶ ጌታቸው መንግሥቴ ነበሩ። ሐሳቡ ብልህ ነበር። ዋጋው ላይ አፍ ከሌለህ ስሙ ላይ ይኑርህ ነው። ሲዳሞ ላይ ሲደርሱ ግን ሰልፉ ላይ ቀድሞ የቆመ አለ። የአሜሪካው ቡና ሻጭ ኩባንያ ስታርባክስ በፊተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ሲዳሞ የሚል ቃል ያለበት ስም ይመዝገብልኝ ብሎ አመልክቷል። ሙሉ ስሙን ልንገራችሁ፤ አትሳቁ። «ሽርክና በፀሐይ የደረቀ ሲዳሞ» ነው።

ሽርክና! በገዛ ቃላችን። እኔ የማውቀው ሽርክና ሁለት ሰው አዋጥቶ ትርፉንም ኪሳራውንም የሚካፈልበትን ነው። እዚህ አንደኛው ሸሪክ ስሙ ሲመዘገብ እንኳ አልተጠየቀም። ቃሉ እኛ ቅምሻ ክፍል ውስጥ ለዓመታት መቀለጃ ሆኖ ቆየ። አንዱ የሌላውን ስኳር ሳያስፈቅድ ከወሰደ «ምነው?» ሲባል «ሽርክና ነው!» ይላል።

ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2006 አጋማሽ ማመልከቻውን ተወው። ነገሩ ግን አላለቀም። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃውሞ አስገባ። ሐረርና ሲዳሞ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋል፣ የማንም አይደሉም ተብሎ ማመልከቻችን ውድቅ ሆነ። ይርጋጨፌ ብቻ አለፈ። የሐረር ሰው ስማችሁ የማንም አይደለም ሲባል ምን እንዳለ ለማተም ስለማይመች እተወዋለሁ። ጩኸቱ ሲበረታ የስታርባክስ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ራሱ አዲስ አበባ መጥቶ ከጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ጋር ተነጋገረ። ሰኔ 1999 ላይ ተስማሙ። ኩባንያው ስሞቹን በኢትዮጵያ ፈቃድ እንደሚጠቀምባቸው ፈረመ። ፈቃዱ ክፍያ የለውም። ለስሙ ተብሎ አንድ ሳንቲም አልገባልንም። ቢሆንም ወረቀቱ ላይ ፈቃድ ሰጪው ማን እንደሆነ ተጽፏል። ለእኔ ይህች ቀላል ነገር አይደለችም። የአለታ ወንዶ ልጅ ነኝና።

አሁን ደግሞ በራሴ ማንኪያ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከመንግሥት ሥራ ወጥቼ አንድ ላኪ ድርጅት ውስጥ በነበርኩበት ጊዜ ነው። ግንቦት 1989 ኒውዮርክ ከ3 ዶላር በላይ ወጣ። እኛ በዚያ ዋጋ ለአንድ የአውሮፓ ገዢ ሁለት ኮንቴይነር የታጠበ ሲዳሞ ሸጥን። ናሙናውን የቀመስኩት እኔ ነኝ። ሎሚ የሚል፣ ግን የማይጎመዝዝ፤ ሲበርድ የአበባ ሽታ የሚሰጥ። እንዲህ ያለ ቡና በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ብታገኝ ነው። ገዢውም የተላከለትን ናሙና ቀምሶ «ተቀብያለሁ» ብሎ በፋክስ ጻፈ። ቡናው በአሰብ ወጣ። ያኔ ወደባችን ገና አሰብ ነው።

መርከቡ ባሕር ላይ እያለ ኒውዮርክ ተንሸራተተ። ቡናው ሲደርስ ዋጋው ከ2 ዶላር በታች ገብቷል። ወዲያው ፋክስ መጣ። ቡናው ባዕድ ጣዕም አለው፣ ጆንያ ጆንያ ይላል፣ ዋጋ ካልቀነሳችሁ አንረከብም የሚል።

እኛ ከእያንዳንዱ ጭነት የምናስቀምጠው ናሙና አለ። አወጣሁት። ቆላሁ፣ ፈጨሁ፣ አምስት ኩባያ ደረደርኩ፣ ውሃ አፈሰስኩ። አራት ደቂቃ ጠብቄ አረፋውን ሰበርኩ። አምስቱም ንጹሕ። አላመንኩም፤ ሌላ አምስት አደረግሁ። ንጹሕ። አለቃዬ ከኋላዬ ቆሞ ያያል።

«ምን ይላል?» አለኝ።

«ሎሚ ነው ጌታዬ። እንዳለ ነው።»

«ሎሚ መሆኑንማ አውቃለሁ። ኒውዮርክ ስንት ነው?»

ውሉ ላይ የግልግል ዳኝነት አለ። ለንደን ወይም ሃምቡርግ ሄዶ መከራከር ይቻላል። የባለሙያ ክፍያ አለ፣ የጠበቃ አለ፣ ቡናው ደግሞ ወደብ ላይ መጋዘን እየበላ ይጠብቃል። ስናሰላው መሸነፍ ከማሸነፍ ይረክሳል። ቀነስንለት። እኛ በሚቀጥለው ግዢ ከአቅራቢው ላይ ቀነስን። አቅራቢው ከማን ላይ እንደሚቀንስ የሰብሳቢ ልጅ ስለሆንኩ አውቃለሁ። የዚያ ገዢ ቀማሽ ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። እንደኔ ደመወዝተኛ ነው። አንዳንዴ ግን አስበዋለሁ፤ ያንን ሎሚ ምላሱ ላይ አድርጎ «ጆንያ» ብሎ ሲጽፍ ምን ተሰምቶት ይሆን?

ጥፋቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው የምል ሰው አይደለሁም። ዋጋ ሲወጣ ውል የሚያፈርሰው የእኛው ሰው ነው። ይህንንም አይቻለሁ፣ አፍሬበታለሁም። ዶላር ብርቅ በነበረበት ዘመን ደግሞ ብዙ ላኪ ቡናውን ከገዛበት በታች ውጭ ይሸጥ ነበር። ባገኘው ዶላር መኪናና ብረት አስመጥቶ ኪሳራውን እዚህ ያካክሳል። ምስጢር አልነበረም። ገዢዎቹም ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ራስህ በኪሳራ ሸጠህ «ዋጋችን ዝቅተኛ ነው» ብትል ማን ይሰማሃል? መንግሥት ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋ ማውጣት የጀመረው በከንቱ አይደለም። እሱ ራሱ ግን የሚሰላው ያቺኑ ቁጥር እያየ ነው፤ የኒውዮርኳን።

አሁን ደግሞ አውሮፓ ማሳችሁ ደን ተመንጥሮ ያልተተከለበት መሆኑን በካርታ ነጥብ አሳዩኝ ብላለች። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2023 ወጥቶ የሚጀምርበት ቀን ሲራዘም ቆይቷል። ደን ይጠበቅ መባሉ ደግ ነው። የወንድሜ ቡና ራሱ በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር ነው። ብቻ ስልክ ይዞ ማሳ ለማሳ የሚዞረውን ልጅ አበል ማን ይከፍላል? መደመሪያዋ ውስጥ ገብቶ አላየሁትም።

ባለፈው ለገና የእህቴ ልጅ ከሲያትል መጣች። ስጦታ ብላ አንድ ፓኬት ቡና ሰጠችኝ። 340 ግራም፣ ሲዳማ፣ 21 ዶላር። «አጎቴ፣ የአንተ አገር ቡና ነው!» አለችኝ፤ ልጅቷ ከልቧ ነው። ማንኪያዬን አወጣሁ። ትንሽ ጠቆር አድርገው ቆልተውታል። ሎሚው ግን አለ።

ከዚያ እንደ ወንድሜ ደብተር ሒሳብ ጀመርኩ። 340 ግራም የተቆላ ቡና ከ400 ግራም ገደማ ጥሬ ይወጣል። 400 ግራም ጥሬ ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል እሸት ነው። ወንድሜ በዚያ መኸር ኪሎውን እሸት በ70 ብር ሸጧል። ስለዚህ ከፓኬቱ ውስጥ የእሱ 175 ብር ነው። ፓኬቱ በዕለቱ ምንዛሪ ከ2,500 ብር በላይ ነው። የቀረው ሁሉ ዘረፋ ነው አልልም። መታጠቢያው አለ፣ ጭነቱ አለ፣ ቡናውን የሚቆላው አለ፣ የሲያትል የሱቅ ኪራይም ቀልድ አይደለም አሉ። ብቻ ያ ዓመት ወንድሜ በሕይወቱ ምርጥ ዋጋ ያገኘበት ዓመት ነው። እናንተ በፊት ገጽ ያወጣችሁት ዓመት ማለት ነው። ምርጡ ይህ ከሆነ የሌላውን ጊዜ እናንተ አስሉት።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። አሠራሩ ቀላል ነው። ኒውዮርክ በፓውንድ የዘጋበትን ዋጋ በ37.5 አባዙት። በዕለቱ ምንዛሪ ደግሞ አባዙት። ያ የአንድ ፈረሱላ ጥሬ ቡና ዋጋ ነው፣ በብር። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል «አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ከ6 ኪሎ ገደማ እሸት ይወጣል» ብትሉበት ገበሬው የራሱን ሒሳብ ይሠራል። ከእግር ኳሱ ውጤት ያነሰ ቦታ ነው የሚወስደው።

ወንድሜ በ2014 ከጫቱ ግማሹን ነቅሎ መልሶ ቡና ተከለ። መጀመሪያ ፍሬ የያዘለት አምና ነው። አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውልልኛል። ሰላምታ ሳይጨርስ «ጋሼ፣ አቶ ኒውዮርክ እንዴት አደሩ?» ይላል። እኔ መነጽሬን ፈልጌ፣ ስልኬን ከፍቼ፣ ቁጥሩን በሳንቲም አነብለታለሁ። እሱ ይጽፋል። እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ሲፋቅ በስልኩ ይሰማኛል። ጎረቤቶቹ አጠገቡ ሆነው «ስንት አለ? ስንት አለ?» ይላሉ። ጋዜጣችሁ አለታ ወንዶ የሚደርሰው በማግስቱ ወይም በሠልስቱ መሆኑን አውቃለሁ። ግድ የለም። ከሲጋራ ፓኮው ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛው ቡና ቀማሽ፣ ከአዲስ አበባ